ያስቀረሁባት ቃል

በ1980ዎቹ መጨረሻ በጻፍኩት አንድ ኮሜዲ ተውኔት አንዲት ልጅ ተጠልፋ ስትወሰድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቄባታለሁ። «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የሚለውን ማመካኛ ለብዙ ዓመት ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። ዘመኑ ግን አላስገደደኝም። ያደረግሁትን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት፤ ዛሬ የምናዘዘውም ይህንኑ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ዓይን አፋር ጎረምሳ አንዲት ልጅ ይወዳል። ሽማግሌ ቢልክም ድሃ ስለሆነ ቤተሰቦቿ አይሰጡትም። ጓደኞቹ «ጥለፋት» ይሉታል። ከገበያ ስትመለስ ሊይዟት መንገድ ላይ ያደፍጣሉ፤ በጨለማው ግን የያዙት ሌላ ልጅ ነው። ጋቢው ከፊቷ ላይ ሲገለጥ ጎረምሳው ይደነግጣል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያም «ግድ የለም፣ ይህችም ትሁን» ይላል። ሕዝቡ በሳቅ የሚፈነዳው እዚህ ጋ ነበር፤ በየከተማው፣ በየአዳራሹ፣ ሁልጊዜ እዚሁ ቦታ ላይ። ከዚያ ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ መጋረጃው በእልልታ ይዘጋል። ልጅቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አትናገርም። በገጸ ባሕርያት ዝርዝሩ ላይ እንኳ ስም አልሰጠኋትም።

ልጅቷን ሆና የምትጫወተው ተዋናይ ከቡድኑ ሁሉ ታናሽ ነበረች። አንድ ቀን በልምምድ መሐል ስክሪፕቷን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል?»

«ምን ትያለሽ?»

«‹ስሜን ታውቀዋለህ?› ልበለው።»

እስቲ ሞክሪው አልኳት። ጎረምሳው «ይህችም ትሁን» ሲል ቀና ብላ አየችውና ጠየቀችው። ጥግ ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ተዋንያን ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸው ቆመ። ባለታሪኩን የሚጫወተው ልጅ የሚመልሰው ጠፍቶት ዝም አለ።

ጥያቄዋ እኔ ከጻፍኩት ቃለ ተውኔት ሁሉ እንደሚበልጥ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። ያወጣሁትም ስለገባኝ ነው። ይህን የሰማ ተመልካች ከዚያ በኋላ ባለታሪኩን ሊወደው አይችልም፤ ሠርጉም ሠርግ አይሆንለትም። «ተዪው፣ ሳቁን ይገድልብናል» አልኳት። በምትኩ ሲሸከሟት እግሯን በአየር ላይ እንድታወራጭ፣ ነጠላዋም እንዲወድቅ አዘዝኩ። የታዘዘችውን አደረገች፤ ሰዉም ሳቀ። እኔ ያን ሳቅ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር፤ በአዳራሹ ውስጥ የማይስቅ ማን እንዳለ ወጥቼ አይቼ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ የጥንቱን የሮማ ጸሐፌ ተውኔት የቴሬንስን «ጃንደረባው» ሳነብ የራሴን ሥራ አገኘሁበት። ተውኔቱ ለመድረክ የበቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት ነው። ኬሬያ የተባለ ወጣት መንገድ ላይ ያያትን ልጅ ለማግኘት ጃንደረባ መስሎ ወዳለችበት ቤት ይገባል፤ ለብቻዋ ሲያገኛትም ይደፍራታል። ልብሷ መቀደዱን፣ ማልቀሷን፣ ምን እንዳገኛት ስትጠየቅ መናገር አለመቻሏን የምንሰማው ከቤቱ አገልጋይ አፍ ነው፤ ልጅቷ ራሷ፣ ፓምፊላ፣ በተውኔቱ ውስጥ አንድም ቃል የላትም። በፍጻሜው የአቴና ዜጋ ልጅ መሆኗ ይታወቅና ለዚያው ለደፈራት ሰው ትታጫለች። የሮማው ጸሐፊ ሱዌቶኒየስ እንደጻፈው ይህ ኮሜዲ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ታይቷል፤ የተከፈለበት 8,000 ሴስተርስም ከዚያ በፊት ለየትኛውም ኮሜዲ ተከፍሎ የማያውቅ ዋጋ ነበር።

ሆሊውድም እ.ኤ.አ. በ1954 «ሰባት ሙሽሮች ለሰባት ወንድማማቾች» በሚለው የሙዚቃ ኮሜዲ ያንኑ መንገድ ሄዶበታል። ስድስት ወንድማማቾች ስድስት ልጃገረዶችን ከከተማ ጠልፈው ወደ ተራራ ይወስዳሉ፤ የበረዶ ናዳ መንገዱን ይዘጋና አባቶች እስከ ጸደይ ሊደርሱባቸው አይችሉም። ክረምቱ ሲያልፍ ልጆቹ ጠላፊዎቻቸውን ወደዋቸዋል፤ ፊልሙ በሠርግ ያልቃል። ዘፈኑም ጭፈራውም ድንቅ ነው፤ ይህን አልክድም። ክፋቱ ያለውም እዚያው ላይ ነው፤ ያማረ ሥራ ጠለፋን ያስወድዳል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሕጉም ከተውኔቴ ጋር ይስማማ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ አግብታ ጋብቻው እስከጸና ድረስ ክሱን ያስቀረው ነበር። ሽማግሌ፣ ካሣና ወላጅ ባሉበት ያ ፈቃድ እንዴት ይገኝ እንደነበር አገር ያውቃል። ተውኔቴ በሚታይበት ሰሞን፣ በ1989 ዓ.ም. ገደማ፣ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሮጥ የደረሰባትን ጠላፊ በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በመዓዛ አሸናፊ መሪነት ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ ለቀቃት። ታሪኩን ሰምቻለሁ። ተውኔቴን ግን አላቆምኩም። በሚቀጥለው ከተማም አሳየሁት፤ ሰዉ እዚያው ቦታ ላይ ሳቀ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ ደነገገ፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም አለ። ሆኖም በዚሁ ሕግ አስገድዶ መድፈር ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ድርጊት ሆኖ ነው የተቀመጠው። እኔ በእልልታ ከዘጋሁት መጋረጃ በኋላ ለሚመጣው ሌሊት ያቺ ልጅ ዛሬም ከለላ የላትም ማለት ነው።

ወዳጆቼ ይህን ሳወራ «እንግዲያው በዚህ ጉዳይ ኮሜዲ አይጻፍ» ይሉኛል። አልስማማም። ያን ቀን በልምምድ ክፍሉ የሰማሁት ሳቅ እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ የተሳቀበት ግን ስሟን እንኳ ሳያውቅ ሊያገባት የተነሳው ሰው ነው። በእሱ፣ «ጥለፋት» ባሉት ጓደኞቹ፣ ልጅቷን ከጓዳ አስቀምጠው ስለ ካሣው በሚከራከሩት ሽማግሌዎች ሕዝቡን ማሳቅ እችል ነበር። ተውኔቱም የተሻለ ይሆን ነበር። የሚያስፈልገው ሁሉ በእጄ ገብቶ ነበር፤ ፈርቼ ጣልኩት።

ተዋናይዋን ዘንድሮ ፈልጌ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። «እኔም መድረክ ላይ ልናገረው እችል ነበር እኮ» ብላ ጥፋቱን ልትካፈለኝ ሞከረች። አልተቀበልኳትም፤ እሷ ልጅ ነበረች፣ ስክሪፕቱ ደግሞ የእኔ ነው።

የተውኔቱ ቅጂ ዛሬም በአንዳንድ የትምህርት ቤት የድራማ ክበባት ውስጥ እንደሚገኝ ሰምቻለሁ። ቅጂው ያላችሁ ልጆች፣ እንዳለ አታሳዩት። ልትሠሩበት ከፈለጋችሁ ለልጅቷ ስም ስጧት፤ ጥያቄዋን ወደ ቦታው መልሱት፤ ሠርጉንም አውጡት።