ርካሹም ደኅናውም በእጃችን ነበር

ጤነኛ ትልቅ ድመት በቁንጫ ብዙም አትሞትም። ትታከካለች፣ ጸጉሯ ይረግፋል፣ እንቅልፍ ታጣለች፤ ቢሆንም ትኖራለች። በቁንጫ መድኃኒት ግን ትሞታለች። ያውም የሚወዳት ሰው አዝኖላት፣ ከኪሱ ቆጥሮ በገዛላት አንዲት ብልቃጥ። ጨካኝ ቢገድላት «ምን ይደረግ» ይባላል። ደኅናው መድኃኒት እዚያው መደርደሪያ ላይ በተቀራራቢ ዋጋ ተቀምጦ ሳለ የሚወዳት ሰው ሲገድላት ግን ያንገበግባል።

ገዳዩ ፐርሜትሪን ይባላል። ለውሻ ተብለው በሚሸጡ ብዙ የማጅራት ጠብታዎች ውስጥ አለ፤ በአንዳንዶቹ መጠኑ 45 ከመቶና ከዚያም በላይ ነው። የውሻ ጉበት ኬሚካሉን ሰባብሮ ያስወግደዋል። የድመት ጉበት ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በበቂ መጠን ስለሌለው መርዙ በሰውነቷ ውስጥ ይቆይና ነርቮቿን ያናውጣል። እንዲህ ያለው ጠብታ በአንድ ሚሊ ሊትር 450 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፤ የሦስት ኪሎ ድመትን ሕይወት አደጋ ላይ ለመጣል ይህ ብቻውን ይበቃል።

በዚህ መርዝ የተያዘች ድመት ያየ ሰው አይረሳትም። መጀመሪያ ጆሮዋ ብቻ ይርገበገባል፤ ዝንብ የምታባርር ይመስላል። ቀጥሎ የፊቷ ቆዳ፣ ከዚያ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ምራቋ ይዝረከረካል፣ ብሌኗ ይሰፋል፣ ለመቆም ስትሞክር ትወድቃለች። ገና ሲጀምራት ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥቦ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። መላ ሰውነቷ እየተንዘፈዘፈ ከሆነ ደግሞ መታጠቡ ይቆይ፤ ሐኪም ይቅደም። ብዙዎቹ በጊዜ ከደረሱ ይድናሉ። «ነገ ይሻላት ይሆናል» የተባለላቸው ናቸው የሚያልፉት።

ቁጭቱን የሚያብሰው ይህ ሁሉ የሚሆነው መልካሙ ዘመን ከመጣ በኋላ መሆኑ ነው። ከ1990ዎቹ በፊት (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ምርጫው ጠባብ ነበር፤ ለእርሻ ከሚረጩት ኬሚካሎች ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ዱቄቶች፣ መንከሪያዎችና የአንገት ማሰሪያዎች ነበሩ ያሉት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢሚዳክሎፕሪድና ፊፕሮኒል መጡ። ሁለቱም የነፍሳትን ነርቭ የሚይዙት ከአጥቢ እንስሳት ነርቭ በበለጠ ኃይል ነው። ለድመትም ለውሻም በየልካቸው ተዘጋጁ። በ2000 በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁንጫ መግደል የሚጀምረው የኒተንፒራም እንክብል ተጨመረ፤ በ2013 እና በ2014 ደግሞ አፎክሶላነርና ፍሉራላነር የተባሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ገበያ ገቡ። የፊፕሮኒል የፈጠራ መብት ጊዜው ሲያልፍ ብዙ ኩባንያዎች ያመርቱት ጀመር፤ ዋጋውም ወረደ። ርካሽነትና ደኅንነት በአንድ ብልቃጥ ተገናኙ። ይህን ዕድል ነው ያባከንነው።

አንደኛው ብክነት ግምት ነው። ለ40 ኪሎ ውሻ የተዘጋጀውን ብልቃጥ ገዝቶ ለትንሹ ውሻ ግማሹን፣ ለድመቷ የተረፈውን ማድረግ ቁጠባ ይመስላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በማጅራት ጠብታዎች ላይ የሚደርሰው አቤቱታ ስለበዛበት በ2009 ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። በዓመቱ ያወጣው ግምገማ ትንንሽ ውሾች ይበልጥ እንደተጎዱ፣ የውሻ መድኃኒት ድመት ላይ መዋሉም አንዱ ችግር እንደሆነ አሳየ። ማሸጊያው ላይ «ለድመት አይሆንም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ክብደትም ተጽፎ ነበር። ሚዛን ላይ ብቻዎን መውጣት፣ ከዚያ ውሻውን ታቅፈው መውጣት፣ ልዩነቱን መያዝ፤ ሥራው ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ብክነት ቤቱን መርሳት ነው። ውሻንም ድመትንም በብዛት የሚወረው አንድ ዝርያ፣ የድመት ቁንጫ የሚባለው ነው። ሴቷ በቀን እስከ 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ከጸጉር ላይ እየተንከባለለ ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እጩ አድጎ በራሱ ላይ ሽፋን ይሠራና እዚያ ውስጥ ለወራት መሸሸግ ይችላል። በእንስሳው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው አምስት ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ባለቤቱ መድኃኒቱን ያደርጋል፣ በሳምንቱ አዲስ የተፈለፈለ ቁንጫ ያያል፣ «አልሠራም» ይላል፣ ይደግመዋል፤ ከዚያ የበለጠ የሚበረታ ይፈልጋል። ብዙ መርዝ በእንስሳ ላይ የሚደራረበው እንዲህ ነው። መኝታውን በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ምንጣፉን በየቀኑ መጥረግና ማራገፍ፣ በቤቱ ያሉትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ጊዜ ማከም ከሌላ ብልቃጥ በታች ነው የሚያስወጣው።

ሦስተኛው ብክነት ቁንጫ መኖር አለመኖሩን ሳያዩ መድኃኒቱን በየወሩ ማፍሰስ ነው። ከ2016 እስከ 2018 ከ20 የእንግሊዝ ወንዞች የተወሰዱ ናሙናዎችን የመረመሩ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፊፕሮኒልን በ98 ከመቶዎቹ ውስጥ አገኙት። ከእርሻ ላይ የተከለከለ መርዝ በቤት እንስሳ ጀርባ በኩል ወንዝ ገባ። በጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ አበጥሮ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ ማራገፍ ቁንጫ መኖሩን ይነግር ነበር፤ ብናኙ ቀይ ሆኖ ከተዘረጋ የቁንጫ ኩስ፣ የተፈጨ ደም ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ ቁጭቴ ይብሳል። በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐኪም አለን፣ በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለን። ግን ላምና በግ ሲታመሙ ባለሙያ የሚጠራው ሰው ለግቢው ውሻና ለቤቱ ድመት ሲሆን በእጁ ያገኘውን ያነሳል። በግና ፍየል ከእከክ ለመጠበቅ የሚረጨው ዲያዚኖን 60 ከመቶ አለ፤ በልኩ ተበጥብጦ ለታለመለት ሥራ ሲውል ጠቅሟል። ከዚያ ጠርሙስ በክዳን ለክቶ በቡችላ ጀርባ ላይ ማፍሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ይህንኑ ኬሚካል በ2004 ከመኖሪያ ቤት አገልግሎት ካስወጣች ስንት ዘመን ሆነ! እኛ ግን ልጆች በሚያቅፉት ቡችላ ላይ እናፈሰዋለን። ነጭ ጋዝ የሚቀባም አለ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ እንስሳው ሲልሰው ሳንባው ድረስ ይጎዳዋል። የከብት አይቨርሜክቲን የሚያስወጋም አለ፤ ለእከክ ይረዳል እንጂ በተለመደው መጠን ለቁንጫ ፋይዳ የለውም፤ የኮሊ ዝርያ ውሻን ደግሞ ሊገድል ይችላል። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ነጭ ሽንኩርትና የሻይ ዛፍ ዘይት የሚሰጠውም ድመቷን ይመርዛታል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለርካሽነት ነው። ግን ርካሽ አልሆነም። የተመረዘች ድመትን ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ወር ደኅና መድኃኒት ይገዛ ነበር። ከሁሉ የሚረክሰውም ዋጋ ያልወጣበት ነው፤ ማበጠሪያው፣ ሙቅ ውኃው፣ መጥረጊያው፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማውጣቱ። እነዚህ መድኃኒቱን አይተኩም፤ መድኃኒቱ በትንሹ እንዲበቃ ግን ያደርጋሉ።

ሻጩ ሁለት ነገር መጠየቅ ነበረበት፤ ለውሻ ነው ለድመት? ስንት ኪሎ ነው? ገዢው ደግሞ ሦስተኛውን፤ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ፐርሜትሪን ከሆነ ድመት ባለችበት ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ውሻው ላይ የተደረገው ሳይደርቅ ድመቷ አጠገቡ ብትተኛ እንኳ ሊነካት ይችላልና። ከሁለት ወር በታች ለሆኑ ግልገሎች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚጥል በሽታ ላለባቸው ሐኪም ሳይጠይቁ ምንም አለመስጠት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 የእነ ፍሉራላነር ቤተሰብ በአንዳንድ እንስሳት ላይ መንዘፍዘፍ ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቀቀው በከንቱ አይደለም። ጥያቄዎቹ አንድ ደቂቃ አይፈጁም፣ ሳንቲምም አያስወጡም። ከእንግዲህ የሚጠይቅ ሰው ያድናል። እስከ ዛሬ የሞቱት ግን ለእነሱ የሚሆነው መድኃኒት ጠፍቶ ወይም ተወድዶ አልሞቱም፤ አንድ ሰው ሳይጠይቅ ሸጦ፣ ሌላው ሳይጠይቅ ስለገዛ ሞቱ። ይህን በድህነት ማመካኘት አንችልም።