ልጅ መያዣ አይደለችም

ሕፃን ይዞ ውጭ አገር ለሽርሽር መሄድ በእኛ ዘንድ እንደ ቅብጠት ነው የሚታየው። ውጭ የሚኬደው ለሥራ ነው፣ ለትምህርት ነው፣ ለሕክምና ነው፣ ለስብሰባ ነው። አለዚያም ላይመለሱ ነው። ከተማ አይቶ፣ ትንሽ አርፎ፣ ፎቶ ተነስቶ ለመመለስ፣ ያውም ድክ ድክ የምትል ልጅ አቅፎ መሄድ ለሰሚው ግራ ነው። ለዘመድ ግራ ነው፤ ለኤምባሲም ግራ ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ባልና ሚስት ሰሞኑን ይህን ግራ የሆነ ነገር አስበው ነበር። ባልየው በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሚስትየዋ ፋርማሲስት ናት። ሴት ልጃቸው ያኔ ዓመት ከሰባት ወሯ ነበር። ሦስት ዓመት የጣሉት ዕቁብ ወጣላቸውና ገንዘቡ ምን ይደረግ የሚል ጉባኤ በየአቅጣጫው ተጀመረ። ጓደኛ መኪና አለ። ወንድም ወርቅ አለ። ሚስትየዋ ግን ፓሪስ አለች። ትምህርት ቤት እያለች ፈረንሳይኛ ተምራለች፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በልቧ ያለች ከተማ ናት። ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ አንድም ቀን አርፋ አታውቅም። ባልየው ጥቂት አንገራገረ፣ ኋላ ተስማማ። አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሆነው።

ከሁሉም የቀደመው ጥያቄ ከሴት አያቷ መጣ። "ደሞ ይቺ ሕፃን ምን ታስታውሳለች? ገንዘብ መበተን ነው እንጂ!"

ጥያቄው አመክንዮ ያለው ይመስላል። ግን ይህን ጥያቄ መቼ መቼ እንደምንጠይቅ እናስተውል። በታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል ስለቷ የሰመረላት እናት ልጇን አዝላ ስትወጣ "ምን ያስታውሳል?" የሚላት የለም። ለገና ላሊበላ፣ ለሠርግ ክፍለ ሀገር፣ ለለቅሶ አሥር ሰዓት በአውቶቡስ ስንሄድ ሕፃናት አብረውን ናቸው። ማንም ስለ ትዝታቸው አይጨነቅም። ምክንያቱም የሚሄዱት ለትዝታ አይደለም፤ የቤተሰቡ አካል ስለሆኑ ነው። ጥያቄው የሚነሳው ጉዞው የመዝናኛ ሲሆን ብቻ ነው። ለመከራና ለስለት ሲሆን ልጅ ይታዘላል፤ ለደስታ ሲሆን ልጅ ሸክም ይሆናል።

እርግጥ ሸክምነቱም አለ። ሚስትየዋ በመጀመሪያው ምሽት የጻፈችው ዝርዝር ላይ አሥራ አራት ቦታ ነበር። ኤፍል ታወር፣ ሉቭር፣ ሞንማርትር፣ ኖትር ዳም እያለ ይቀጥላል። ከዚያ የልጅቷን ቀን ከጎኑ ጻፈችው። ማለዳ 12 ሰዓት ትነሳለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትተኛለች፤ ካልተኛች ከሰዓት በኋላው ለማንም አይሆንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቀኗ ያልቃል። በዚህ መሐል የቀረው ጊዜ ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት አንድ ሜዳ ወይም መናፈሻ ነው። አሥራ አራቱ ወደ አምስት ወረደ። ሉቭር ቀረ ማለት ይቻላል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ መግቢያው ነፃ ቢሆንም፣ ዓመት ከሰባት ወር የሆናት ልጅ ሥዕል ፊት የምትቆመው ለግማሽ ደቂቃ ነው። በምትኩ የሉክሰምበርግ መናፈሻ ገባ፤ ልጆች በኩሬው ላይ ትንንሽ የጀልባ መጫወቻ የሚያንሳፍፉበት፣ የእንጨት ፈረስ የሚጋልቡበት ነው።

ከዚያ የመጓጓዣው ነገር መጣ። የፓሪስ ሜትሮ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ ሲሠራ የልጅ ጋሪን ያሰበው አልነበረም። ከመስመሮቹ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአሳንሰር ሊገባና ሊወጣበት የሚችለው 14ኛው መስመር ብቻ ነው። ሌላው ደረጃ ነው። ጋሪ የያዘ ሰው ወይ አውቶቡስ ይይዛል፣ ወይ ጋሪውን ተሸክሞ ይወጣል። አያት ይህን ሲሰሙ ሳቁ። "አንቀልባ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?" አሉ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናትየዋ በማግስቱ አሮጌው አንቀልባ ጠፍሩ ጠንካራ መሆኑን ስታይ ነበር።

የምግቡም ጉዳይ ቀላል አልሆነም። ልጅቷ ገንፎዋን በቅቤ ነው የለመደችው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣው ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። ቅቤም ቋንጣም አይገባም ማለት ነው። ለሕፃናት የታሸገ የዱቄት ወተትና ምግብ ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጅቷ ያላት የጊዜ ገደብ ነበር። በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ የሚከፈልለትም የአዋቂው ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት በሞላ ማግስት የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ለአዋቂው ይቀርባል። ልደቱ በጉዞው መሐል ቢውል እንኳ ለመመለሻው ወንበር ይገዛለታል። ስለዚህ አምስት ወር ነበራቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ያለፈበትን አገር ለሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ወደ ቪዛው ሲመጡ ነው ነገሩ መልኩን የለወጠው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ ላይ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳልፏል። ቀድሞ በ15 ቀን ይታይ የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን ሆነ። ለተደጋጋሚ መግቢያ የሚሆን ቪዛ ቀረ። ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ በኩል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ጉዳዩ የመንግሥትና የመንግሥት ነበር። ዱላው ያረፈው ግን የዓመት ፈቃዱን ቆጥሮ፣ የባንክ ማስረጃውን አዘጋጅቶ በሚሰለፈው ሰው ላይ ነው።

በሰኔ ወር ደግሞ የአዋቂ ማመልከቻ ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ። ቢከለከሉም አይመለስም። ከ6 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ክፍያ የለም። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የጣት አሻራም አይወሰድም። በወረቀት ደረጃ ልጅቷ በዶሴው ውስጥ ምንም የማትከብድ ናት። ከሁሉም የከበደችው ግን እሷ ሆነች።

ባልና ሚስቱ ምክር ፍለጋ የቪዛ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ዘንድ ሄዱ። ሰውየው ወረቀታቸውን አገላበጠ። ደመወዝ ደህና ነው፣ የሥራ ደብዳቤ አለ፣ የባንኩም እንቅስቃሴ መጥፎ አይደለም። ከዚያ ልጅቷን አየና "እሷን አትጨምሩ" አለ። ለምን ሲሉት ረጋ ብሎ አስረዳቸው። "ሦስታችሁም ከሄዳችሁ እዚህ ምን ቀራችሁ? አያቷ ጋር ትቅር። ልጅ ካለቻችሁ ትመለሳላችሁ ብለው ያምናሉ።"

እንዲህ የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም። ነገር ግን ለተከለከለ አመልካች በሚሰጠው ቅጽ ላይ ከሰፈሩት ምክንያቶች አንዱ፣ ቪዛው ሳያልቅ ስለመመለስዎ ጥርጣሬ አለን የሚል ነው። የሚመዘነው ወደ አገር የሚጎትት ነገር መኖሩ ነው፦ ሥራ፣ ቤት፣ ቤተሰብ። ሰውየው ይህን አውቆ፣ ለደንበኛው የሚበጀውን ነው የተናገረው። ክፋት አልነበረውም። የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። ክፋት ሳይኖር፣ ሁሉም ሰው ሥራውን በአግባቡ እየሠራ፣ አንዲት ሕፃን የዕዳ ማስያዣ ሆና ትገኛለች።

የዚያን ዕለት ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ቤት ውስጥ ክርክር ነበር። ባልየው ወደ ምክሩ አዘንብሎ ነበር።

"ሳምንት ነው እኮ" አላት። "እማዬ ጋር ከእኛ በላይ ይደላታል። አንቺም ታርፊያለሽ።"

"ለማረፍ ብዬ ብተዋትማ ግድ የለኝም" አለችው። "እሷን አስይዘን ነው የምንሄደው? ባንክ ቤት እንደሚያስይዙት ቤት?"

"ቃሉን አታክብጂው። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።"

"ሁሉም ሰው ስለሚያደርገው ነው እኮ የከበደኝ።"

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ልጅን ለሳምንት ለአያት መተው ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ስንቱ ወላጅ የሚመኘው ዕረፍት ነው። ልዩነቱ ማን ወሰነ የሚለው ላይ ነው። ወላጅ አስቦበት ሲተው ዕረፍት ነው። ሌላ እንዲያምነው ብሎ ሲተው ግን ልጁ ማስረጃ ሆኗል።

የኤምባሲውንም ወገን መስማት ይገባል። ሽርሽር ብለው ሄደው የቀሩ ሰዎች አሉ፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጥርጣሬው ከሰማይ አልወረደም። በእኛም ቤት "ሦስታችሁም ቪዛ ካገኛችሁማ ምን ልትመለሱ" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ለእነዚህም ባልና ሚስት አንድ ሁለቱ በቀልድ መልክ ብለዋቸዋል። ቆንስሉ የሚጠረጥረውን እኛው እንመክራለን። መመለስ የሚፈልግ ሰው በሁለቱም በኩል አይታመንም። ታዲያ መንግሥታት የዜጎች መመለስ ጉዳይን በጠረጴዛ ዙሪያ እስኪጨርሱ ድረስ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ተመልሶ ሰኞ ሥራ የሚገባው ሰው ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ማመልከቻውን ላለማስገባት ወሰኑ። ሚስትየዋ ናት ቀድማ የተናገረችው፤ ቅር ብሏት ነው የተናገረችው። ፓሪስን የሚተካ ነገር ተገኝቶ አይደለም። 45 ቀን ጠብቀው ቢከለከሉ፣ የልጅቷ ሁለት ዓመት እየተቃረበ የሁለት ሰው የማመልከቻ ገንዘብም ጊዜም አብሮ ሊሄድ ነው። ቢፈቀድላቸውም ያለ ልጅቷ ነው።

ከዚያ ባልየው ናይሮቢን አነሳ። ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሰዓት ልዩነት ስለሌለ የልጅቷ እንቅልፍ አይዛባም። እንዲያውም ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ "ሰዓት አምስት" ሲሉ ረፋድ ማለታቸው ነው። ከተማዋ ደጋ ላይ በመሆኗ አየሩ ለአዲስ አበባ ልጅ አይከብድም።

ዝርዝሩ እንደገና ተጻፈ፤ በዚህኛው ግን ልጅቷ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ነበረች። እናታቸው የሞተችባቸው የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት የሼልድሪክ ማሳደጊያ ለጎብኚ የሚከፈተው ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ከእንቅልፏ በፊት ልክ ይገባል፤ ቀድሞ መመዝገብ ግን ግዴታ ነው። በቀጭኔ ማዕከሉ ከፍ ብሎ ከተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ቀጭኔን በእጅ ማብላት ይቻላል። ከከተማው ጥግ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለው ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ አንበሳና አውራሪስ ከፎቆቹ ትይዩ የሚታዩበት ነው። የካሩራ ደን ደግሞ ለከሰዓት ሩጫ ነው፤ ዋንጋሪ ማታይ ከመሬት ነጣቂዎች ጋር ታግላ ባታስጥለው ኖሮ ዛሬ ሕንፃ ይሆን ነበር።

መዘጋጀቱ አልቀረም። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ልጅቷም ተወጋች፣ አልቅሳ ረሳችው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ዳይፐርና ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መግባት አይቻልም። እናት የጨርቅ ቦርሳዎች ሰፍታ አዘጋጀች። የእግረኛ መንገዱ ለጋሪ እንደማይመች ሲሰሙ ጋሪው ቤት እንዲቀር ተወሰነ። አንቀልባው ሻንጣ ውስጥ ገባ። ትኬቱ የተቆረጠው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ነው።

አያት ይህን ሁሉ ሲከታተሉ ቆይተው አንድ እሑድ ቡና ላይ አማቻቸውን ጠየቁት።

"ይሄ ናይሮቢ ያላችሁት፣ ቪዛ አይጠይቅም ነው የምትሉት?"

"አይጠይቅም፤ ፓስፖርት ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት" አላቸው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይገባው።

"እንግዲያውስ ማታ ማታ ልጅቷን ማን ያስተኛታል? እናንተ ወጣ ብላችሁ እራት እንኳ አትበሉም?"

ልጃቸው ሳቀች። ባልየው ስልኩን አውጥቶ ሒሳቡን እንደገና ጀመረ። አሁን አራት ናቸው፤ እቤት የሚቀር የለም።