ጦጣ፣ ልጅና ጥበቃ በአሞራ ገደል

ልጆችዎን ይዘው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሀዋሳ ቢወርዱ፣ ሳያዩት የማይመለሱት ሥፍራ አሞራ ገደል ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳዎች የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ይጠባበቃሉ፤ በዛፎቹ ላይ ጦጣና ጉሬዛ ይዘላል።

ጭቅጭቁም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ልጅ ለጦጣዋ ሙዝ ይዘረጋል፤ እናት ትሥቃለች። ጥበቃው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ያዢ!» ብሎ ይጮኻል። እርሷም በልጆቿ ፊት መዋረዷ ስለሚከነክናት፣ «ከፍለን ነው የገባነው!» ትላለች። በዚህ መሐል ልጁን የሚያይ የለም። ከሰው እጅ መብላት የለመደች ጦጣ ደግሞ ሰው አትፈራም፤ ትነጥቃለች፣ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። ንክሻውም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ጥበቃ ግን አስቀድሞ በልጁና በጦጣዋ መካከል ይቆማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «እትዬ፣ ልጁን እንዳትነክስብዎ ብዬ ነው» ይላል። ምክንያቱን ከትእዛዙ ያስቀድማል። ቀጥሎም፣ «ሙዙን ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱትና ጉሬዛዎቹን ላሳያችሁ» በማለት ክብሯን ይጠብቅላታል። ብትሰድበው እንኳ ስድብ አይመልስም፤ ካልተረጋጋች ባልደረባውን ይጠራል እንጂ እጅ አይጎትትም።

እርስዎስ? ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሠራተኛ ነው። ሲያስጠነቅቅዎ «እሺ ወንድሜ» ይበሉት። ልጅዎ ከጦጣዋ ይልቅ አተኩሮ የሚመለከተው እርስዎን ነውና።