ምላጭ

የዚህ ቻናል ተከታታዮች አብዛኞቻችሁ ጠብመንጃ በእጃችሁ ነክታችሁ እንደማታውቁ እገምታለሁ። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ግን እንኳን በእኛ ጀሞ በመላው ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚገኝ አይመስለኝም። አሜሪካ ካሉት ዘመዶቻችን መካከል ደግሞ ጠብመንጃ የገዙ አሉ። ለእናት ለአባት አይነገርም እንጂ አሉ።

ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ የምትባል ከተማ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለእኔ ነገረኝ። የነገረኝም ምክር ፈልጎ ነው። ኤአር-15 የሚባለውን ጠብመንጃ ከገዛ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁን ምላጩን በሌላ ሊቀይር አስቦ የአምስት ዓይነት ምላጭ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝና «ጋሼ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ፤ የቱን ልግዛ?» አለኝ።

ብረት አውቃለሁ። ጎፋ ውስጥ ቶርኖ ላይ ከቆምኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠብመንጃ ግን የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መነካካትም የሚያስከትለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ቶርኖ ቤት የመሣሪያ ዕቃ አይገባም። ይህን አስቀድሜ የምለው አንዳንዱ አንባቢ ጽሑፉን ሳይጨርስ ወሬ ይዞ ስለሚሮጥ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ዜና ላይ «ቃታ ሳበ» ሲባል ተኮሰ ማለት ነው። ጋይንት ያሉት አጎቴ፣ ማለትም የዚሁ ልጅ አባት፣ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ለእሳቸው ቃታ ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበው ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ደግሞ ምላጭ። ቃታ የሳበ ሰው ዝቷል፤ ምላጭ የሳበ ሰው ገድሏል። ሽምግልና ላይ ሲቀመጡ አንዱ የይቅርታ፣ ሌላው የጉማ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ቃላቱን ማደባለቅ ለእሳቸው ቀልድ አይደለም። እኔም በእሳቸው ቋንቋ ምላጭ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጠብመንጃ ከውጭ ይምጣ እንጂ ስሙን አገርኛ ማድረግ እናውቅበታለን። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ አልቢን ከአልቢኒ፣ ምንሽር ከማንሊኸር፣ ውጅግራ ደግሞ ፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» ከሚሉት የመጣ ነው። ሽለላውም ቀረርቶውም በእነዚህ ስሞች የተሞላ ነው። ጀግናው ስንት እንደጣለ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚያጓራ ይነገራል። ስለ ምላጭ የሚሸልል ግን አልሰማሁም። ከመሣሪያው ሁሉ ሰው የሚወስንበት ብቸኛው ቦታ እሱ ሆኖ ሳለ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ለምን ገዛ? የሚሠራው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለች ሱቅ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። አንድ ባልደረባው ሽጉጥ ተደግኖበት በሣጥኑ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አስረክቧል። ከዚያ በኋላ «ቤቴን ማን ይጠብቃል» የሚል ሐሳብ ገባበት። ሌሊት እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ጠብመንጃው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቤት ነው የሚያድረው። ትልቁ ሰባት፣ ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። እነዚህን ዕድሜዎች ያዙልኝ።

ኦሮራ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2012 አንድ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ሰዎች የገደለባት ከተማ ናት። ገዳዩ ይዟቸው ከገባው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዓይነት ጠብመንጃ ነበር። የእኛ ልጅ በየቀኑ በዚያ ሠፈር በኩል ያልፋል። ይህን አንስቼበት «ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው የገዛሁት» አለኝ። ይህን ክርክር እዚህ አልፈታውም። የጠየቀኝ ስለ ምላጭ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ትንሽ መዶሻ አለ፤ ጠንካራ ሞላ ወደ ፊት ይገፋዋል። መዶሻውን ይዞ የሚያቆመው የምላጩ ጥርስ ነው። ጣት ምላጩን ሲስብ ጥርሱ ከመዶሻው ጥርስ ላይ ይንሸራተትና ያመልጣል፤ መዶሻው ተፈናጥሮ መርፌውን፣ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል። ጠብመንጃው በራሱ ጋዝ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት ሲያጎርስ ጣት ገና ምላጩን እንደሳበ ነው፤ ስለዚህ መዶሻውን ለጊዜው የሚይዝ ሌላ መንጠቆ አለ። ጣት ሲላላ መንጠቆው መዶሻውን ለምላጩ ጥርስ መልሶ ያስረክባል። በአንድ ስበት አንድ ጥይት ብቻ የሚወጣው በዚህ ርክክብ ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣው ምላጭ ርካሽ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ጥርሶቹ ሻካራ ናቸው። ጣት ሲስብ አሸዋ የገባበት መሳቢያ እንደመክፈት ያለ ስሜት አለው። የወታደሩ መለኪያ የሚፈቅደው ክብደት ከ5.5 እስከ 9.5 ፓውንድ ይደርሳል፤ በእኛ ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ መሆኑ ነው። ጠብመንጃው ራሱ ባዶውን ሦስት ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ ከራሱ በላይ በሚከብድ ምላጭ ሲሳብ እንዴት አይነቃነቅ? ቀያሪ ምላጭ የሚሸጡ ሰዎች ገበያ የሚያገኙት ከዚህ ነው። ስላቅ አይደለም፤ ሥራቸው ጥሩ ሥራ ነው። ፎቶዎቹን አጉልቼ አይቻለሁ፤ ጥርሶቹ የተቆረጡበትን ጥራት አይቼ ቀንቻለሁ። እኛ እዚህ የሞተር ጥርስ ለማስተካከል ስንቸገር እነሱ ጥፍር በማታክል ብረት ላይ መስታወት የመሰለ ገጽ ያወጣሉ።

ከአምስቱ ሁለቱ ለክርክር በቁ። አንዱ ከ1946 ጀምሮ ምላጭ በመሥራት የኖረው የቲምኒ ነው፤ ባለ አንድ ደረጃ፣ ሦስት ፓውንድ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ሣጥን ታሽጎ የሚመጣ። ሁለት ፒን አውጥተህ ታስገባዋለህ፣ አለቀ። ሁለተኛው የጋይስሊ ነው፤ ባለ ሁለት ደረጃ፣ አራት ፓውንድ ተኩል፣ ዋጋው 240 ዶላር ገደማ። ዛሬ ባለው ምንዛሪ ከሠላሳ ሺህ ብር በላይ።

ልጁ የፈለገው ቀላሉን ነው። ሦስት ፓውንድ ማለት አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። «ጣቴን ሳስነካው ይተኩሳል፤ ዒላማዬ ይሰበሰባል» አለኝ። አዎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጠብመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ወረቀት ለሚመታ ሰው እውነት ነው። አንተ ግን፣ አልኩት፣ የምትነሣው በሌሊት ኮቴ ሰምተህ ነው። እጅህ ይንቀጠቀጣል። ደም ከጣትህ ሸሽቷል፤ ጣትህ ምን እንደነካ አይነግርህም። ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሌባ ይሁን ውኃ ጠምቷት የተነሣችው ልጅህ ገና አላወቅክም።

ሁለት ደረጃ የሚባለው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ፓውንድ ተኩል ያህል ትስባለህ፤ ከዚያ ግድግዳ ትነካለህ። እዚያ ላይ ቆመህ ማሰብ ትችላለህ። ሐሳብህን ከቀየርክ ለቀቅ ታደርገዋለህ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከወሰንክ ሌላ ሁለት ፓውንድ ትጨምራለህ። አራት ፓውንድ ተኩሉ ለሁለት ስለተከፈለ ለዒላማም አይከብድም። ባለ አንድ ደረጃ ቀላል ምላጭ ይህ ግድግዳ የለውም፤ ማስጠንቀቂያውም ተኩሱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ለቤት በተቀመጠ መሣሪያ ላይ ቀላል ባለ አንድ ደረጃ ምላጭ ማስገባት ለእኔ ሞኝነት ነው፤ የፈለገ ይቆጣ።

ሌላም አለ፤ ይህ የእኔው ሙያ ነው። ምላጭን በርካሽ ለማቅለል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የመዶሻውን ሞላ በደካማ ሞላ መተካት ነው። ምላጩ ይቀልላል፤ መዶሻው ግን አቅም ያጣል። ለወታደር የተሠራ ጥይት ቂጡ ጠንካራ ስለሆነ ደካማ መዶሻ ሲመታው ጭረት ይዞ ዝም ይላል። ሁለተኛው ጥርሱን በሞረድ ማላላት ነው። ይኸንን ቪዲዮ አይቶ «እኔው ብሠራውስ?» ሲለኝ ስልኩን ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም። የእነዚህ ጥርሶች ጥንካሬ ያለው ከላይ ባለው ስስ ቆዳ ላይ ነው፤ በእሳት የጠነከረው እሱ ብቻ ነው። ሞረድ ያንን ቆዳ ከላጠው ከሥር ያለው ለስላሳ ብረት ነው። ለመጀመሪያ ሁለት መቶ ጥይት ቅቤ ይመስላል፤ ከዚያ ይበላል። ከተበላ በኋላ ጠብመንጃው ሲወድቅ ወይም ሲመታ መዶሻው ሊያመልጥ ይችላል። የዚህ ጠብመንጃ መቆለፊያ የሚይዘው ምላጩን እንጂ መዶሻውን አይደለም፤ ስለዚህ ጥርሱ ከሳተ መቆለፊያው ተዘግቶም ይተኩሳል። እዚህ ብዙዎቻችሁ የመኪና ፍሬን ሸራ በአሸዋ ወረቀት አሽታችሁ «ተስተካከለ» የሚል ጋራዥ ገጥሟችሁ ይሆናል። እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ ፍሬን ሲበላ ቀድሞ ይጮኻል።

ስለ ልጆቹ። «ከባድ ምላጭ ከሆነ ልጆቹ አይስቡትም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። በእኛ ቤት ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የሁሉም ነገር መለኪያዬ ጀሪካን ነው። አራት ፓውንድ ተኩል ሁለት ኪሎ ነው፤ አምስት ሊትር ጀሪካን ግማሹ ውኃ እንኳ አይሆንም። የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ደረጃ ይወጣል። የአራት ዓመቷ ደግሞ በጣት አትስብም፤ መሣሪያውን ወደ ራሷ አዙራ በሁለት አውራ ጣት ትገፋለች። ልጅ የሚያስቆም ምላጭ በየትኛውም ገበያ አይሸጥም። ልጅ የሚያስቆመው የተቆለፈ የብረት ሣጥን ነው። ኮሎራዶም ልጆች ሊደርሱበት በሚችሉበት ቤት መሣሪያ ተቆልፎ እንዲቀመጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕግ ደንግጋለች። «ሣጥን አለህ?» አልኩት። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚያስቀምጠው ነገረኝ። ሚስቱ ታውቃለች፤ ልጆቹ አያውቁም አለ። ልጅ የማያውቀው የቤት ዕቃ አይቼ አላውቅም።

አባትየውን ያነጋገርኳቸው በዚሁ ሰሞን ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያ አገር ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶበት ቆይቷል፤ ስልኩም ሲሠራ እንጂ ሁልጊዜ አይገኝም። የዚያን ዕለት ተገኘ። ልጃቸው 240 ዶላር አውጥቶ ምላጭ ሊገዛ መሆኑን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «የነበረው ተሰብሮ ነው?» አሉ። አልተሰበረም፣ ሻካራ ሆኖበት ነው አልኳቸው። «የእኔ ምንሽር አባቴ ሲይዘውም ሻካራ ነበር» አሉ። ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝን እሳቸው ረስተውታል፣ እኔ አልረሳሁም። ምላጭ እንደ ላም ጡት ነው፣ ከነጠቅካት ትረግጥሃለች ይሉኝ ነበር። ባዶ ጠብመንጃ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡና ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ሳብ ይሉኛል። ሃምሳ ጊዜ ይወድቃል። አሜሪካኖቹም አሠልጣኞች ይኸንኑ ልምምድ እንደሚሰጡ ልጁ ራሱ ነገረኝ፤ አባቱ በነፃ የሚሰጡትን እሱ እዚያ ከፍሎ ሊማር።

ከዚያ አጎቴ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ሌላ ነገር አነሡ። በጥምቀትና በሠርግ ወደ ሰማይ መተኮስ ድሮም ያስፈራቸው ነበር፤ አሁን ተኩስ ሲሰሙ የደስታ ይሁን የሌላ መለየት እንደተሳናቸው ነገሩኝ። ምንሽሩን ከግድግዳ አውርደው ጠቅልለዋል። የት እንዳስቀመጡት አልጠየቅኳቸውም፤ በስልክ የሚጠየቅም አይደለም። «ያንን ልጅ ጣቱን ከምላጭ ውጭ ማሳደር ይልመድ በልልኝ» አሉና መስመሩ ተቋረጠ።

መልእክቱን አደረስኩ። ከራሴም ጨመርኩ፦ መጀመሪያ ሣጥን፣ ቀጥሎ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ገንዘብ ከተረፈ ባለ ሁለት ደረጃው፤ ካልተረፈ የነበረው ይበቃል። ጥርስ አይነካ፣ ሞላ አይቀየር። መግጠሙንም ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ይሥራው፤ ካቻቢቴ ይዞ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሁለት ቀን ዝም አለኝ። በሦስተኛው ቀን የሣጥን ፎቶ ላከ፤ በቁጥር የሚከፈት፣ ከግድግዳው ጋር በአራት ብሎን የታሰረ። ብሎኖቹን አጉልቼ አየኋቸው፤ አንዱ ጣውላውን ሳይሆን ስሱን ግድግዳ ብቻ የያዘ ስለመሰለኝ እንዲፈታውና አራት ጣት ወደ ግራ እንዲያዛውረው ጻፍኩለት። ምላጩን ለሚቀጥለው ወር አሳድሮታል። «የድሮውን ስፈታው ልጣለው?» አለኝ። አትጣለው፣ ዘይት ቀብተህ በላስቲክ ጠቅልለህ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው፤ ጠብመንጃውን የሸጥክ ቀን ከእሱ ጋር ትሸጠዋለህ አልኩት። «አልሸጠውም» አለ። እሺ፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።