በሸክላው ኅዳግ የተጻፈ ስም

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከዋሽንግተን ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የአሮጌ ሸክላ መሸጫ ቤት፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ብዙ ሰው ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ዜማዎች በታጨቁበት የካርቶን ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ የቱርክና በአንድ የብራዚል ሸክላ መካከል፣ በአማርኛ ፊደል የታተመ ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ አገኘሁ። ሽፋን አልነበረውም፤ መሐሉ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ኅዳግ ግን፣ ሰማያዊነቱ ወደ ሐምራዊነት በተለወጠ ቀለም፣ «ለእኅቴ፣ ለሠርጓ መታሰቢያ፣ ጥር 1965 ዓ.ም.» የሚል የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። ባለ ሱቁ ሸክላውን ወደ መብራቱ አዘንብሎ ከመረመረ በኋላ፣ «ወረቀቱ ላይ ተጽፎበታልና ዋጋውን ልቀንስልህ» አለኝ። አመስግኜ ከፍዬ ወጣሁ፤ ነገር ግን ለእርሱ ጉድለት የሆነው ያ ጽሑፍ ለእኔ የዕቃው ሁሉ ልብ ሆኖ መታየቱ ከኅሊናዬ ስላልጠፋ፣ በአገር ቤትና በውጭ አገር ሸክላ የሚያዝበትን ሥርዓት አነጻጽሬ ይህችን ሐተታ ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

«ሸክላ» የሚለው ስያሜ ከጥንቱ የተረፈ ነው። የፊተኞቹ የድምፅ ሰሌዳዎች ሼላክ ከሚባል፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ከእጅ ያመለጡ እንደ ሆነ እንደ ጀበና ይሰበሩ ነበር፤ በኋላ ቪኒል የተባለው ፕላስቲክ ሲተካቸው ነገሩ ተለወጠ እንጂ ስሙ አልተለወጠም። በዚያው በተሰባሪው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሰሌዳ አስቀርጸው ነበርና፣ የዜማችን በሸክላ የመታተም ታሪክ ገና ከጅምሩ ከባሕር ማዶ ጋር የተቆራኘ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ቆየ፣ በየምሽት ክበቡ ከሚፈልቀው አዲስ ዜማ አብዛኛው ሌሊቱ ሲነጋ እንደ ጤዛ ይጠፋ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የሙዚቃ ነጋዴ ግን፣ ቅጣት ሊያስከትልበት እንደሚችል እያወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳትሞ ለገበያ አወጣ፤ አምሃ ሬከርድስ ብሎ በሰየመው ድርጅትም፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስከ ወጣበት ጊዜ ድረስ፣ ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አበረከተ። ዜማው በአዲስ አበባ ይቀረጽና ሰሌዳው በሕንድ፣ በሊባኖስ ወይም በግሪክ አገር ታትሞ ይመለስ ነበር። ፊሊፕስና ካይፋ ሬከርድስም በዚሁ ጎዳና ተጓዙ፤ ይሁን እንጂ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የምሽቱን ሙዚቃ ሲያፍነው፣ ርካሹ ካሴትም ገበያውን ሲወርሰው፣ ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው የሸክላ ዘመን አለፈ። ዛሬ በቶኪዮም በፓሪስም የእኛ ሸክላ እንደ ዕንቊ የሚፈለገው ዘመኑ አጭር፣ የታተመውም ጥቂት በመሆኑ ጭምር ነው።

በውጭ አገር ሸክላ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰብሳቢው ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቶ፣ በሣጥኖቹ ፊት ተንበርክኮ፣ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየገለጠ ይውላል። አንዱን ባወጣ ጊዜ በጠርዙ ይዞ ወደ ብርሃን ያዘነብለዋል፤ ጭረቱን ይቈጥራል፤ ዘፈኑ አልቆ መርፌው በሚያርፍበት ልሙጥ ስፍራ የተፋቀውን ጥቃቅን ቊጥር ያነባል፤ ቊጥሩንም ዲስኮግስ ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተጀመረው የኢንተርኔት መዝገብ ጋር ያስተያየዋል። ደረጃ የሚሰጠውም ጎልድማይን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ባስለመደው መለኪያ ሲሆን፣ በዚያ መለኪያ «ጥሩ» የተባለ ሸክላ በእርግጥ እጅግ ያረጀና የተጫረ ነው፤ የተመሰገነው «እንደ አዲስ» የሚባለው፣ ይኸውም መርፌ እምብዛም ያልነካው፣ ከዚያም በላይ ጨርሶ ያልተደመጠው ነው። ሸክላው በየዘርፉ መደርደርም አለበት፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሸክላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ታትሞ ገቢው ለወላጅ አልባ ሕፃናት የዋለው ያ የፒያኖ ዜማ፣ ከጃዝም ከአውሮፓ ክላሲክም ከቤተ ክርስቲያን ዜማም ጋር ለመመደብ ስላስቸገረ፣ በአንድ መደብር «ልዩ ልዩና እንግዳ ነገሮች» ከተባለው መደርደሪያ ላይ አይቼዋለሁ።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙ ተምሬአለሁ፤ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። ሸክላ በቁመቱ እንጂ ተነባብሮ እንዳይቀመጥ፣ ጣት ጽሑፉን እንጂ ዜማ የተቀረጸበትን ፊት እንዳይነካ፣ በለስላሳ ጨርቅ በክቡ ዙሪያ እንጂ ወደ መሐል እንዳይጠረግ ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው።

በጥር ወር ለጥምቀት አገር ቤት በገባሁ ጊዜ፣ ያችን ሸክላ በሻንጣዬ ይዤ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ወደሚኖሩት አክስቴ ሄድሁ። እትዬ ሠላሳ ያህል ሸክላዎች አሏቸው፤ በቢፌው የታችኛው መሳቢያ፣ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተጠቅልለው፣ እንደ እንጀራ ተነባብረው ተቀምጠዋል። የማጫወቻው መርፌ ከተሰበረ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው አንዱም አይጫወትም። የአሳታሚውን ቊጥር ብጠይቃቸው አያውቁም፤ ነገር ግን አንዱን አንሥተው «ይህን ወንድማችን ከአሥመራ ሲመለስ ያመጣው ነው» ይላሉ፤ ሌላውን አንሥተው «ይህ ጎረቤት የተዋሰው ነው፤ ሳይመልስ ሞተና ልጁ አመጣልኝ» ይላሉ። ዘፈኑ ረጅም ሲሆን በአንዱ ፊት ግማሹ፣ በሌላው ፊት ግማሹ ስለሚታተም፣ ሸክላውን ለመገልበጥ የሚነሣው ሁልጊዜ ከቤቱ ታናሹ ልጅ እንደ ነበረ፣ እስኪገለብጥም ድረስ እንግዳው ሁሉ ንግግሩን ገትቶ ይጠብቅ እንደ ነበር አጫወቱኝ።

ከመካከላቸው አንዱን፣ ከጠርዝ እስከ መሐል የሚደርስ ጭረት ያለበትን፣ በመዳፋቸው ላይ አድርገው፣ «ይህ በክርስትና ድግስ ዕለት ሰው በዝቶ ጠረጴዛው ሲናጋ የደረሰበት ነው» አሉኝና ዘፈኑን በለሆሳስ ያዜሙት ጀመር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ አንዱን ቃል ደገሙት፤ ጥቂት ቆይተውም እንደገና ሌላውን ደገሙት፤ በመጀመሪያ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን መርፌው በጭረቱ ላይ እየዘለለ ወደ ኋላ ይመለስባቸው የነበሩትን ስፍራዎች እንደሚያዜሙ ገባኝ። ማጫወቻው ሥራ ካቆመ፣ ድምፁም ከቤቱ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የዚያ ድግስ ዕለት በዜማው መካከል እንደ ምልክት ተቀርጾ በአክስቴ ልቡና ውስጥ ይኖር ነበር። በጎልድማይን መለኪያ ቢመዘን ያ ሸክላ ዋጋ ቢስ ነው።

ሆኖም የአገር ቤቱን ሥርዓት አወድሼ የውጭውን ብነቅፍ ለእውነት አላደላሁም። የእትዬ ሸክላዎች ከመነባበራቸው የተነሣ ሦስቱ ተቆልምመዋል፤ በልብ ያለው ዜማ ባለ ልቡ ሲያልፍ አብሮ ያልፋልና፣ ስንቱ ሸክላ በልጆች እጅ መጫወቻ ሆኖ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በፀሐይ ተቃጥሎ እንደ ጠፋ እግዚአብሔር ያውቃል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ፣ የተረሱትን ባለሙያዎችና ሸክላዎች እየፈለገ፣ በኋላም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ዜማዎቹን ደግሞ ባያሳትም ኖሮ፣ የብዙዎቹ ድምፅ ለዛሬው ትውልድ ባልደረሰም ነበር። የውጭው ሥርዓት ዕቃውን ጠብቆ ሰውየውን የሚረሳበት ጊዜ ግን አለ፤ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 «ጨ በለው»ን ያሳተመው ኃይሉ መርጊያ፣ ሸክላው በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ በሚፈለግበት ዘመን፣ በዚሁ በዋሽንግተን በታክሲ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ ከስንት ሸክላ አፍቃሪ ጋር ሳይተዋወቅ በአንድ መኪና ተጉዞ ይሆን?

እኔ የምመኘው ሁለቱ ሥርዓቶች እንዲጋጠሙ ነው፤ ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ አባቶቻችን በብራና ላይ አድርገውታል። የብራና መጽሐፍ በኅዳጉና በመጨረሻው ገጽ ያጻፈው፣ የጻፈውና የገዛው ሰው ስም፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠም ይመዘገብበታል፤ ስሙ ያረፈበት መጽሐፍ አረጀ እንጂ ተበላሸ አይባልም፤ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን ስሙን የፋቀውንም የሚያወግዝ ቃል በሥሩ ይጻፍበታል። በአንጻሩ በአሜሪካ በሸክላ ወረቀት ላይ የሰፈረውን የባለቤት ስም በጥጥና በአልኮል ለማጥፋት የሚደክሙ ሻጮችን በዓይኔ አይቻለሁ። ሸክላውን እንደ ዘመናዊ ሰብሳቢ በንጽሕና ጠብቆ፣ የነካውን እጅ ደግሞ እንደ ጥንቱ ጸሐፊ መዝግቦ ለተከታዩ ማስተላለፍ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ አንድ እርሳስና አንድ ቅዳጅ ወረቀት ይበቃዋል።

ያችን የሠርግ መታሰቢያ ሸክላ ለእትዬ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን ቀስ ብለው አነበቡት። «ማን እንደ ሆነች ያውቋት ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይ ልጄ፣ በጥር ያላገባ ማን አለ ብለህ ነው?» አሉኝ፤ ሸክላውንም ገልብጠው ሌላውን ፊት ተመለከቱት። «ወንድሟ ግን ይወዳት ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ያንተስ ስም የታለ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም፤ በውጭ አገር ባሳለፍኋቸው ዓመታት ከሰበሰብኋቸው ሸክላዎች በአንዱም ላይ ስሜ የለም፤ መጻፍ ማበላሸት ነው ተብዬ ስለ ተማርሁ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ዋሽንግተን ስመለስ ለሸክላዋ አሲድ የሌለበት ነጭ የወረቀት ሽፋን ገዛሁላት፤ ሸክላዋን ከማስገባቴ በፊትም በሽፋኑ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ይህች ሸክላ በጥር 1965 ዓ.ም. ወንድም ለሙሽራ እኅቱ የሰጣት ናት፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን ወደ እኔ ደረሰች።» ከሥሩ ስሜን ከነክርስትና ስሜ አኖርሁ፤ ከስሜም በታች፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው ስም የሚበቃ ቦታ ተውሁ።