አራተኛው ጎን

ደምበጫ፣ ኅዳር 24 ቀን

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። እማዬ በርበሬውን ግቢ ውስጥ አስጥታ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃለች፤ ሲደርቅ ድርሻሽን እንልክልሻለን። አባዬም ስምሽን ሳያነሳ እንጀራ አይቆርስም።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ በሰላም አድርሶልኛል። የቴኒስ አሰልጣኝሽ የፎርሃንድሽን አያያዝ ወደ ዌስተርን እንድትቀይሪ እንደ ነገሩሽ፣ አንቺ ደግሞ እንደ ሮጀር ፌዴረር በኢስተርን መምታት እንደምትወጂ፣ በሁለቱ መካከል ልብሽ እንደ ተከፈለ ጽፈሻል። በስልክ ልመልስልሽ እችል ነበር። ይህ ግን ደጋግመሽ የምታነቢው፣ ወደ ሜዳ ስትሄጂ ቦርሳሽ ውስጥ የምትይዢው መልስ ይገባዋል ብዬ ብዕር አነሣሁ። አዲስ አበባ ኳስ አቀባይ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ አብልጬ ያጠናሁት የሰውን እጅ ነው። መረቡ ሥር ተንበርክኮ የሚጠብቅ ልጅ የተጫዋቹን ፊት ሳይሆን እጀታውን ነው የሚያየው፤ ኳሱ የት እንደሚያርፍ ከምቱ በፊት እጅን አይቶ ማወቅ ይለምዳል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ። አራተኛው ጎን ላይ ያዢ፤ ሴሚ-ዌስተርን የሚባለው ነው። አሰልጣኝሽ አቅጣጫውን አልሳቱም። እኔ የምለው እሳቸው ካሉት አንድ ጎን ቀድመሽ ቁሚ ነው።

ምክንያቱን ከእጀታው ልጀምር። የራኬት እጀታ ስምንት ጎን አለው። ራኬቱን ጠርዙ መሬት እንዲያይ አድርገሽ ስታቆሚው ከላይ የሚገኘው ጠፍጣፋ ጎን አንደኛ ነው። በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ከዚያ ወደ ቀኝ እየዞረ ይቆጥራል። የሌባ ጣትሽ ሥር አንጓ ሁለተኛው ላይ ካረፈ ኮንቲኔንታል ነው፤ ሦስተኛው ላይ ካረፈ ኢስተርን፣ አራተኛው ላይ ሴሚ-ዌስተርን፣ ከሥር ያለው አምስተኛው ላይ ደግሞ ዌስተርን ይሆናል። ኢስተርን ከራኬቱ ጋር እንደ መጨባበጥ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ ይወደዋል።

ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲኬድ እጅ የሚዞረው 45 ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ኳሱ ግን ገመዱን የሚነካው ለ5 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የራኬቱን ፊት ማረም የሚችል ሰው የለም። ሜዳው 23.77 ሜትር ይረዝማል። ኳሱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቀና ብሎ ቢወጣ ወዲያኛው ዳር ሲደርስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዝቅ ብሎ ለሚበር ኳስ ይህ ከመስመር መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ፎርሃንድ ሲመታ የራኬቱ ፊት አስቀድሞ ተስተካክሎ መድረስ አለበት። የሚያስተካክለውም አያያዝሽ ነው። እያንዳንዱ አያያዝ የራኬቱ ፊት ሳታስቢበት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት የራሱ ከፍታ አለው፤ የኮንቲኔንታል ከወገብ በታች ነው፣ የኢስተርን ወገብ አካባቢ፣ የሴሚ-ዌስተርን ከወገብ እስከ ደረት፣ የዌስተርን ደረትና ትከሻ። ወደ አምስተኛው ጎን በሄድሽ ቁጥር ኳሱን የምታገኚበት ቦታም ከሰውነትሽ ወደ ፊት እየራቀ ይሄዳል።

አየሽ፣ እታለሜ፣ ጥያቄሽ የፌዴረር ይሻላል ወይስ የሌላ የሚል ነበር። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ኳሱ አንቺን የሚያገኝሽ በየትኛው ከፍታ ላይ ነው?

ሦስተኛውን ጎን ማንም ሳያስተምርሽ ለምን እንደ ያዝሽው የማውቅ ይመስለኛል። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከወንዶቹ ጋር ተጋፍተሽ የገና ጨዋታ ስትጫወቺ ነው ያደግሽው። ጥንጉ፣ የገናው ኳስ፣ መሬት ላይ ይንከባለላል እንጂ ወደ ደረት አይነሣም፤ ዱላውን ከላይ ይዞ ጎንበስ ያላለ አይመታውም። እጅሽ ዝቅ ያለ ኳስ መምታትን የተማረው እዚያ ነው። በዚህ ኩራት ሊሰማሽ ይገባል። የስዊድኑ ቢዮርን ቦርግ የሁለት እጅ ባክሃንዱ ከበረዶ ሆኪ እንደ መጣ ይነገርለታል፤ እሱ ግን ለፎርሃንዱ እጁን ወደ እጀታው ሥር አዙሮ፣ ኳሱን በኃይል እያሽከረከረ፣ ከ1976 እስከ 1980 ዊምብልደንን በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ከልጅነት ጨዋታ የተገኘውን አክብሮ ያዘ፤ ኳሱ የሚጠይቀውን ደግሞ ጨመረበት።

አሁን ወደ አየራችን ልምጣ፤ የሐሳቤ ዋና መሠረት እሱ ነው። ደምበጫ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ከዚህም ትበልጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ኳስን ያን ያህል አይገታም፤ ስለዚህ ኳሱ ይፈጥናል፣ ይርቃልም። ቶፕስፒን፣ ኳሱ ወደ ፊት እየተሽከረከረ መብረሩ፣ ኳስን ወደ ታች የሚጎትተው በአየር አማካይነት ስለሆነ ያው ሽክርክሪት እኛ ዘንድ ጉልበቱ ያንሳል። ውስጡ የታመቀው አየር ከውጭው ይበልጥ ስለሚበረታ ደግሞ ኳሱ ነጥሮ ከፍ ይላል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለብቻው የተለካ ኳስ የደነገገው ስለዚህ ነው። እኔና አንቺ ስንጫወትበት የኖርነው ግን ተራው ኳስ ነበር። አንቺ አሁን የምትለማመጂበት ቀይ አፈር ሜዳም ኳሱን ይበልጥ ያነሣዋል። አንድ ላይ ስትደምሪው ኳሱ የሚጠብቅሽ ደረትሽ ላይ ነው። ደረት ላይ ያለን ኳስ በኢስተርን ለመምታት የእጅ አንጓሽ መጠምዘዝ አለበት፤ ፊቱ ይከፈታል፣ ኳሱ ይበራል። በላክሽልኝ ቪዲዮ ላይ ከኋላው መስመር እያለፉ የወጡት ኳሶችሽ ሁሉ የዚህ ውጤት ናቸው። ጉልበትሽም ዓይንሽም ጥፋት የለባቸውም።

ፌዴረርን መውደድሽን አልነካብሽም። የእሱ ፎርሃንድ ለዓይን የሚያምር ብቻ አልነበረም፤ ኳሱ ሲነሣ ገና ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ቀድሞ የሚመታ ሰው ስለ ነበር ከፍታው አያስቸግረውም ነበር። እንዲህ ለማድረግ የእሱ ዓይንና የእሱ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ያልተደለደለ ሜዳ ላይ ኳሱ በነጠረበት ቅጽበት ልምታው ማለት ከባድ ነው። ሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮም በ2009 የአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ፌዴረርን ያሸነፈው ወደ ኢስተርን በሚጠጋ አያያዝ፣ በከባድ ጠፍጣፋ ምት ነው። የሰውየው ቁመት ግን 1.98 ሜትር ነው። ለአንቺ ደረት ላይ የሚደርሰው ኳስ ለእሱ ወገቡ ላይ ነው።

በሌላው ዳር ስፔናዊው አልቤርቶ ቤራሳቴጊ አለ። እጁን ከዌስተርንም አሳልፎ አዙሮ ስለሚይዝ ፎርሃንዱንም ባክሃንዱንም በአንዱ የራኬት ፊት ነበር የሚመታው። በ1994 በቀይ አፈር ሜዳ የሚደረገው የሮላን ጋሮስ ውድድር ፍጻሜ ደረሰ። ያሸነፋቸው 14 የነጠላ ዋንጫዎች ግን ሁሉም የቀይ አፈር ሜዳ ናቸው። ይህ ለእኔ ብዙ ይናገራል። እጅን ከሥር ባዞርሽ መጠን ከፍ ያለው ኳስ የአንቺ ይሆናል፤ ዝቅ ያለውና ፈጥኖ የሚመጣው ደግሞ ያስጨንቅሻል። ፖላንዳዊቷ ኢጋ ሽቪዮንቴክ እጇን ወደ ዌስተርን አስጠግታ ሮላን ጋሮስን አራት ጊዜ ስታሸንፍ ሣር ላይ ለዓመታት ተቸግራ ነበር፤ ዊምብልደንን ያገኘችው በ2025 ነው።

አራተኛውን ጎን የምወድልሽ ከፍ ያለውን ኳስ ሰጥቶሽ ዝቅ ያለውን ስለማይነጥቅሽ ነው። ራፋኤል ናዳል ይይዝ የነበረው በዚሁ አካባቢ ነው። ጆን ያንዴል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሲቆጥር የናዳል ፎርሃንድ በአማካይ በደቂቃ 3,200 ዙር ይሽከረከር ነበር፤ በኢስተርን የሚመታው የፒት ሳምፕራስ ግን 1,800 ገደማ። ልዩነቱ ሁሉ የአያያዝ አይደለም፤ በመካከላቸው ገመዱም ተለውጧል። ሆኖም ስስ አየር ውስጥ ለሚጫወት ሰው ያ ትርፍ ሽክርክሪት ኳሱን ከመስመር ሳያልፍ የሚያስቀርለት ነው።

ስለ እግርሽም ልንገርሽ። ኤልያስና ሚካኤል ይመር ስዊድን ተወልደው ያደጉ የእኛው ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ከኢትዮጵያ የሄደ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። ኤልያስ በ2015 በአንድ ዓመት የአራቱንም ግራንድ ስላም ማጣሪያ አልፎ ዋናው ውድድር ገባ። ሚካኤል በ2023 ዊምብልደን ላይ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ ቴይለር ፍሪትዝን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም 50ኛ ሆነ። ሚካኤልን ሁሉም የሚያውቀው በእግሩ ፍጥነት ነው። ይህን የማነሣልሽ አራተኛው ጎን ኳሱን ከሰውነትሽ ፊት ማግኘት ስለሚጠይቅ ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ምቱ ይታፈንበታል። ከተምጫ ወንዝ ማዶ ትምህርት ቤት እየሮጥሽ የተመላለስሽ ልጅ ዘግይተሽ አትደርሺም። በእግርሽ ላይ እምነቴ ሙሉ ነው፤ ይህን አያያዝ ለሌላ ሰው በቀላሉ የማልመክረውን ያህል ለአንቺ በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

አንዲት ፍርሃት አለችኝ፤ የእጅ አንጓሽ። በ2009 የታተመ የጣሊያን ሐኪሞች ጥናት 370 አማተር ተጫዋቾችን መርምሮ 50ዎቹ የእጅ አንጓ ጉዳት እንዳለባቸው አገኘ። በኢስተርን የሚይዙት ሕመማቸው በአውራ ጣት በኩል፣ በሴሚ-ዌስተርንና በዌስተርን የሚይዙት በትንሿ ጣት በኩል ነበር። ስለዚህ በአዲሱ አያያዝ በትንሿ ጣትሽ በኩል ውጋት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ራኬቱን አስቀምጪ። ቻይው የሚልሽ ቢኖርም እንኳ አትስሚው፤ እኔ ወንድምሽ አትቻይው ብዬሻለሁ።

አቀያየሩን በዝግታ አድርጊው። እጀታው ላይ በተጠቀለለው ጨርቅ ላይ፣ የሌባ ጣትሽ ሥር አንጓ ማረፍ ያለበት ቦታ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጊ። መጀመሪያ ጓደኛሽ በእጇ እየወረወረች ደረትሽ ላይ የሚነጥር ኳስ ትስጥሽ፤ ዝቅ ያለውን አትንኪ። እጅሽ ሲለምድ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ ቅብብሉ። እስከዚያ ውድድር አትግቢ፤ ነጥብ ሲቆጠር እጅ ወደ ድሮው ይሸሻል። ሰርቭሽ በኮንቲኔንታል ይቆይ፤ ሰርቭ አድርገሽ እግርሽ መሬት ሳይረግጥ ግራ እጅሽ የራኬቱን አንገት ይዞ ወደ አራተኛው ያዙረው። ይህን ማዞር ቤት ውስጥ፣ መኝታሽ ላይ ተቀምጠሽም ልትለማመጂው ትችያለሽ። ዝቅ ያለ ኳስ ሲመጣ ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ራኬቱን አታውርጂ፤ ገና ጨዋታ ያስተማረሽ ጎንበስ ማለት የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው።

ለአሰልጣኝሽም በትሕትና ንገሪያቸው። ወንድሜ እንዲህ አለኝ ብለሽ አትጀምሪ፤ ኳሱ የሚያገኘኝ ደረቴ ላይ ነው፣ ዝቅ ያለውን ግን እንዳላጣ አራተኛው ላይ ልጀምር ይፈቀድልኝ በያቸው። አይሆንም ካሉሽ ምክንያታቸውን ጠይቂና ጻፊልኝ፤ በየቀኑ የሚያዩሽ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ያልታየኝን አይተው ሊሆን ይችላል።

ለመጠቅለያው ጨርቅ የሚሆን ጥቂት ብር ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ተቀበዪው። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ ውጤት አትጻፊልኝ። መዳፍሽ ላይ ቆዳው የጠነከረው የት ጋ እንደሆነ፣ ትንሿ ጣትሽ በኩል ውጋት መኖር አለመኖሩን፣ የምትመቺው ኳስ ከመረቡ በላይ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ ጻፊልኝ። አባዬ ደግሞ ጾሙን በደንብ እየበላች ትያዝ፣ ሽሮ አያንሳት ብሏል።

የሚወድሽ ወንድምሽ