ሐይቁን የት አደረስከው?

እሁድ ከሰዓት በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ካሜራዎች ከማኪያቶው ጎን ተደርድረው ካያችሁ ለሥራ የመጡ አይምሰላችሁ። ባለቤቶቻቸው ባንክ የሚሠሩ፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ፣ ፋርማሲ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ካሜራ የያዙት ለፍቅሩ ነው። ክርክራቸው ግን እንጀራቸው የተነካባቸው ያስመስላል። ሃምሳ ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ይሻላል ወይስ ሰማንያ አምስቱ? ሃምሳው ርካሽ ነው፣ አይከብድም፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥም ያሠራል። ሰማንያ አምስቱ ግን «ጀርባ ያጠፋል»። እዚህ ላይ ሲደረስ ሁሉም ዝም ይላል። ጀርባ የሚያጠፋ ሌንስ የያዘ ሰው ማኪያቶው እንኳ የሚከፈልለት ሰው ነው።

ሌላ ከተማ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ያላለቀ ፎቅና የተንዘላዘለ የመብራት ሽቦ ቢጠፋ ማን ያዝናል? የሐዋሳ ጀርባ ግን ሐይቅ ነው። ሙሽሮች ከይርጋለም፣ ከሻሸመኔ መኪና አሰልፈው ፍቅር ሐይቅ ድረስ የሚመጡት ከውሃው ጋር ለመነሳት ነው። አንዱ ወዳጃችን የጎረቤት ሠርግ አንስቶ አልበሙን ሲያስረክብ፣ የሙሽሪት እናት ገጽ በገጽ አገላብጠው ሲያበቁ፣ «እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ፤ ሐይቁን ግን የት አደረስከው?» አሉት። ከልጃቸው ኋላ ያለው ሰማያዊና አረንጓዴ ጭስ ነበር። «ብለር ነው እማዬ፤ አሁን የሚወደደው እሱ ነው» አላቸው። «እሱን ለማየት አይደል እንዴ ለሁለት ሚኒባስ የከፈልነው?»

የሴትዮዋ ጥያቄ ከነከነኝና ይህ ነገር ከየት መጣብን ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። የደረስኩት ቪየና ነው፤ 1840 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፎቶግራፍ ለዓለም ከተበሰረ ገና ዓመቱ ነው። ፊልም የሚባል ነገር የለም፤ ምስሉ የሚያርፈው በብር በተለበጠ የመዳብ ሳህን ላይ ነው። ሳህኑም እጅግ ሰነፍ ስለነበር ሰው አንገቱ ከኋላ በብረት ተደግፎ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለ የሒሳብ ምሁር ለዚህ መላ አበጀ። አፉ የሰፋ ሌንስ ነደፈ፤ በዛሬ አነጋገር ኤፍ 3.6። ከዚያ በፊት ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ስሌቱ አታካች ስለነበር ከኦስትሪያ ጦር ሒሳብ የሚችሉ መድፈኞች ተመድበውለት ነበር። ዛሬ ሙሽራ የሚያሳምረው ሌንስ ቅድመ አያቱ መድፈኛ ቤት ማደጉን ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

አፉ የሰፋ ሌንስ ግን በነፃ አይሰፋም። መሐሉን አጥርቶ ዳር ዳሩን ያዞረዋል፤ ከሰውየው ኋላ ያለውን ሁሉ ይበትነዋል። ፔትስቫል ብዥታ ፈልጎ አልነበረም። ሳህኑ ስለሰነፈ የተገባ ዕዳ ነው። አሁን ሴንሰሩ በሻማ ብርሃን እንኳ ያያል፤ ዕዳው ከተሰረዘ ቆይቷል፤ እኛ ግን በገዛ ፈቃዳችን ወለድ መክፈሉን ቀጥለናል።

ወለዱ ስንት እንደሆነ ይቆጠራል። ሰማንያ አምስቱን በኤፍ 1.8 ከፍታችሁ ሁለት ሜትር ላይ የቆመች ሙሽራ ብታነሱ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፊቷን ዞር ካደረገች የቅርቡ ዓይን ሽፋሽፍቱ እስኪቆጠር ይጠራል፤ የሩቁ ዓይን ይፈዛል፤ ጆሮዋ ከነጉትቻው የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግሞ ደግ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በጎን ታይቶ አንድ ዓይን የሚሰጠው ለሰይጣንና ለከፉ ሰው ነው። እንግዲህ ሙሽሪትን ከየትኛው ወገን እንደመደብናት ፈራጁ ቄሷ ይሁኑ።

ለነገሩ ጀርባ ማጥፋትን ከፈረንጅ ብቻ ነው የተማርነው ማለትም ይከብደኛል። በኋለኛው የጎንደር ስልት ከቅዱሱ ጀርባ ያለው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየሟሟ የሚሄድ ቀለም ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰማንያ አምስቱ የሚያወጣውም ይኸንኑ ነው። ሠዓሊው ግን ሁለተኛውን ዓይን አልረሳም።

እኔ የመጣሁት በዘኒት ካሜራ ነው። አጎቴ ለትምህርት ከሄደበት ከሶቪየት ኅብረት ያመጣው ሲሆን፣ ሄሊዮስ የሚባል 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው፤ እሱም ከጀርመኖቹ ቢዮታር የተቀዳ ነው። ከሰው ኋላ ቅጠል ካገኘ እንደ አዙሪት ያሽከረክረዋል። አጎቴ ይህን እንደ እንከን ቆጥሮ ሰው ሁሉ ግድግዳ አስጠግቶ ነበር የሚያነሳው። የበረንዳው ልጆች አሁን ለዚያው አዙሪት ሲሉ «ጋሼ፣ ሽጥልኝ» እያሉ ይነዘንዙኛል።

የጥንቱ ሳህን ሌላም ውርስ ትቶልናል፤ እሱ ማቅላት ነው። ከስንፍናው በላይ ከፊል ዕውርም ነበር፤ ሰማያዊን እንጂ ቀይን አያይም። የሰው ፊት ደግሞ የማንም ይሁን የማን ቀይ አያጣውም። ስለዚህ ቀዩ ጠይም፣ ጠይሙ ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። እርማቱ በእርሳስ ሆነ። የሙኒኩ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል በ1855 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ኔጌቲቭ እንዴት እንደሚነካካ አሳይቶ ሕዝቡን አስደነቀ። ወደ እኛ አገር የፎቶ ሙያ በአርመኖች በኩልም ገብቷል፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ተከተሉት። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር ፎቶ ቤቶች ሲወርድ የጀርባ መጋረጃውም እርሳሱም አብሮ ወረደ።

በልጅነቴ አፌን ከፍቼ የማየው አንድ የፎቶ ቤት ሰው ነበር። ኔጌቲቩን የበራ መስታወት ላይ ያስተኛና እንደ መርፌ በተሾለ እርሳስ ጉንጩ ላይ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል። ኔጌቲቭ ላይ የጠቆረ ወረቀት ላይ ይነጣልና፣ እርሳሱ በጨመረ ቁጥር ደንበኛው ይቀላል። «ጋሼ፣ ትንሽ ቀላ አርገኝ» ያላለ ደንበኛ ትዝ አይለኝም።

የቀለም ፊልም ሲመጣም አልዳንም። የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ሸርሊ በምትባል ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ቡናማን አለያይቶ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ከወተወቱት መካከል የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ይገኙበታል። ስለ ፊታችን ቸኮሌት ተሟገተልን።

አሁን እርሳሱ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል። የብርቱካናማውን ብርሃን መስመር ወደ ቀኝ ስትገፉት ጠይም ፊት ሁሉ ይፈካል፤ የሙሽራዋ ወርቅም አብሮ ይገረጣል። ልጆቹ ይህን ፕሪሴት አድርገው በቴሌግራም ይቀባበሉታል። እዚህ ላይ እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሲነሳ የተፈጠረ ነው፤ የካሜራው መለኪያ ዓለምን ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ የሚጎዳው ፊት ነው። ሲያነሱ አንድ ደረጃ ማብራት ይበቃል። ይህን ስናገር በረንዳው ላይ የሚሰማኝ አስተናጋጇ ብቻ ናት።

ስልኩ ደግሞ ሁለቱንም ውርስ በአንድ ኪስ ከተተው። ቴክኖ ጠይም ፊትን አስልቶ በማብራት ገበያውን ያዘ። አፕል በ2016 በአይፎን 7 ፕላስ ጀርባ የሚያጠፋ ፖርትሬት አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የስልክ ሌንስ ትንሽ ስለሆነ በራሱ ጉልበት ከሩቅ ጀርባ አያጠፋም፤ ስለዚህ የፔትስቫልን ጉድለት በስሌት ይቀባል። መድፈኞቹ ያን ሁሉ ሒሳብ የሠሩት ብርሃን ለማስገባት ነበር፤ ስልኩ የሚያሰላው ብዥታውን ነው።

ስሌት ደግሞ ይሳሳታል። ባለፈው የፊቼ ጫምባላላ በዓል ጉዱማሌ ሜዳ ላይ፣ ከእኛው ልጆች አንዱ ካሜራው ባትሪ ጨርሶበት ረዥም ዘንግ የያዙ የሲዳማ ሽማግሌ በስልክ አነሳ። ስልኩ የዘንጉን የላይኛውን ግማሽ ከሰማይ ቆጥሮ አጠፋው። ሽማግሌው ስክሪኑን አተኩረው አዩና ዘንጋቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት፤ ልጁ አፍሮ ብለሩን አጥፍቶ ደገመው። ሁለተኛውን ፎቶ ግን ቶሎ አልመለሱም። ስልኩን ከፀሐይ አጋርደው ከትከሻቸው ኋላ ያለውን ሕዝብ አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። «ይሄ የእህቴ ልጅ አይደለም እንዴ?» አሉ በሲዳሙ አፎ። «አልመጣም ብሎኝ ነበር። ለሱም ላክለት፤ ቁጥሩን ልንገርህ።»